ስግደትም ሆኪም ያላመጡት የጀርባ ሕመም

ጀርባውን እያመመው «የሥራ ነው፤ ይለቀኛል» ብሎ ለተቀመጠ ሰው ነው ይህን የምጽፈው። በተለይ ለእናንተ ለእህቶቼ፣ ሰው ቤት ስታጸዱ፣ አዛውንት ስታነሡና ስታስተኙ ውላችሁ ማታ ወገባችሁን ይዛችሁ ለምትገቡት። አብዛኛው የጀርባ ሕመም እውነትም የሥራ ነው፤ ዕረፍት ሲያገኝ ይሄዳል። የኔ ግን አልነበረም። ቸሩ አምላክ ይመስገን፣ ዛሬ በሁለት እግሬ ቆሜ እሄዳለሁ። እዚህ እስክደርስ ያለውን ልንገራችሁ።

አስቀድሜ ሥራዬን ላስተዋውቃችሁ፤ እሱን ካላወቃችሁ ሰው ሁሉ ለምን እንደተሳሳተ አይገባችሁም። እኔ የሜዳ ሆኪ ተጫዋች ነኝ። ሆኪ ስል ያገሬ ሰው ሁሉ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱትን ነው የሚያስበው። እሱ ሌላ ነው። ለጽዋ ማኅበራችን እናቶች «በሉ የገና ጨዋታ ነው» ብዬ ነው ያስረዳኋቸው። ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ አንዲት ኳስ፣ ሁለት ወገን። ያን ጊዜ እትዬ ዘነበች፣ እዚሁ ለንደን ስትሪትሃም ጎረቤቴ የሆኑት፣ «ታዲያ ገናን ወንድ አይደል እንዴ የሚጫወተው? እሱም በዓመት አንዴ ነው እንጂ ዓመት እስከ ዓመት!» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚለው ግን ሆላንድ አልደረሰም፤ እዚያ አሰልጣኝ አሳምሮ ይቆጣል።

ሆላንድ የገባሁት በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ነው። ባረፍንበት ከተማ ሴት ልጅ ሆኪ የምትጀምረው ብስክሌት በምትጀምርበት ዕድሜ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ያጠራትን ዱላ ሰጠችኝና በዚያው ቀረሁ። እማዬ ነገሩ ባይዋጥላትም አልከለከለችኝም፤ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ከልምምድ ስመለስ መዝሙረ ዳዊትን በአማርኛ እንዳነብላት። አማርኛዬ ያልጠፋው በዚያ ነው። አድጌ ተከላካይ ሆንኩ፣ በሀገሪቱ ከፍተኛ ምድብ ዓመታት ተጫወትኩ፤ አንድ ሰሞን ለብሔራዊ ቡድኑ ተጠርቼ ብርቱካናማውን ማሊያ በወዳጅነት ግጥሚያ ለበስኩ። ለትልቁ ውድድር የተመረጡት ሲጠሩ የኔ ስም አልነበረበትም። አለቀስኩ፤ ከዚያ ተመስገን አልኩ። ሠላሳን ስሻገር የድሮ በረኛችን ማሪት ወደ ለንደን ጠራችኝ። እሷ ክላፋም ትኖራለች፤ በአፏ መሐሪ አይደለችም፣ በልቧ ግን እንደሷ ያለ አላየሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ ለአንድ ክለብ አብረን እንጫወት ጀመር፤ በሳምንቱ ቀናት ደግሞ አንድ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አሠለጥናለሁ።

ሆኪ ጎንበስ ብለው የሚውሉበት ጨዋታ ነው። ዱላው አጭር፣ ኳሷ መሬት ለመሬት። ስለዚህ በመጸው ጀርባዬ መሃሉ ላይ መጠዝጠዝ ሲጀምር የደነገጠ አልነበረም። የክለቡ ፊዚዮ፣ የተጫዋቾችን ጡንቻ የሚያክመው፣ ጫን ጫን አድርጎ አሸኝና «ጡንቻ ነው፤ የሆኪ ጀርባ ነው» አለኝ። ጡንቻ ማፍታቻ እንቅስቃሴዎችን አሳየኝ፤ እኔም ታዛዥ ስለሆንኩ ጠዋት ማታ ሠራሁ። ለጂፒዬ፣ ለሰፈሩ ጤና ጣቢያ፣ ስደውል ሐኪሙ በስልክ አናግሮኝ ማስታገሻ አዘዘልኝ። የዚህ አገር ብርዳም ክረምት ገባ። ልብሴ በላብ ርሶ እነቃ ጀመር፤ የቤቴን ማሞቂያ ወነጀልኩ። ሱሪዬ ወገቤ ላይ ሰፋ፤ አሰልጣኛችን ደግሞ ይህንኑ አይታ «ሰብለ፣ ዘንድሮ ቀለል ብለሻል! ሌሎቻችሁም እዩዋት» አለች። ሰው እየከሳ ሲመሰገን ምን ይላል? አመሰገንኩ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሁሉም ነገር ስም አገኘ። መክሳቴ የጾም ነው፣ ድካሜ የጾም ነው፣ ጀርባዬ የስግደት ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ጂፒ ዘንድ በአካል ስሄድ፣ ያ በስልክ ያናገረኝ ወጣት ሐኪም በትሕትና ተቀብሎ ሥራዬን ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«ከሆኪ ሌላ ጀርባሽን የሚያደክም ነገር አለ?»

ውሸት አልወድም። «በጾም ወራት እሰግዳለሁ» አልኩት።

«እንዴት ነው እሱ?»

በቃላት ማስረዳት ሲያቅተኝ ጫማዬን አወለቅኩና እዚያው ከሚዛኑ አጠገብ አንድ ጊዜ ሰግጄ አሳየሁት። ስነሣ ጥርሴን ነክሼ ነበር። ሰውዬው ተገርሞ «ይህን ደጋግመሽ ትሠሪያለሽ?» አለ።

«እንደ አቅሜ።»

«እንግዲህ ምክንያቱን አገኘነው» አለና ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልኩ። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር የወጣሁት፤ ሕመሜ ጽድቅ ያለበት መሰለኝ። እሱ ሁለት ምክንያት አግኝቶ ሦስተኛ አልፈለገም፤ እኔም አልፈለግኩም። እንዲህ ያለ ስሕተት የኛ ሰው ካልሆነ ማን ይሳሳታል?

የስቅለት ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ኪርያላይሶኑ እየተባለ ሕዝቡ ይወድቃል ይነሣል። አንድ ጊዜ ወደቅኩ፤ መነሣት እንቢ አለኝ። ግንባሬ ምንጣፉ ላይ ቀረ። ከጎኔ የነበሩት እትዬ ዘነበች የማለቅስ መስሏቸው ጥቂት ጠበቁኝ፤ ከዚያ ዝቅ ብለው በጆሮዬ፣

«ሰብልዬ፣ ተነሺ እንጂ፤ ሰው ይረግጥሻል።»

«አልቻልኩም እትዬ።»

እጃቸውን ጀርባዬ ላይ ጣል አድርገው ሊያነሡኝ ሲሉ ቆም አሉ። «ይሄ ምንድነው?»

«ምኑ?»

«አጥንትሽ ነዋ! ወጥቷል እኮ። እሳት ሆኗል ደግሞ።»

«የስግደት ነው እትዬ። ሐኪሙም እንዲያ ብሎኛል።»

«የቱ ሐኪም ነው ሰግዶ ያወቀው?» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ሁለት ሦስት ሰው ዞረ። «እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰግጃለሁ። ስግደት የሚይዘው ጭንና ጉልበት ነው። እሱም ትንሣኤ ሲሆን ከዶሮው ጋር ይረሳል። ይሄ ሌላ ነው። በይ ያዢኝ።»

ትንሣኤ አልፎ የሐኪም ቀጠሮ ሳገኝ አብረውኝ መጡ። እንዳይመጡ ለምኜ ነበር፤ «አንቺ ፈርተሽ ‹ደህና ነኝ› ብለሽው ትመጫለሽ» አሉኝ። ነጠላቸውን አጣፍተው ሐኪሙ ፊት ተቀመጡ። ሐኪሙ ኮምፒውተሩን እያየ ስለ ማስታገሻው ይጠይቀኛል።

«ምን አለ?» አሉ እትዬ።

«መድኃኒቱ ረድቶሽ እንደሆነ ነው የሚለኝ።»

«እንዲህ በዪው፤ ዓይን የላችሁም ወይ፣ ልብሷን ገልጠህ አትመለከታትም ወይ በዪልኝ።»

እኔ ወደ ሐኪሙ ዞሬ «ከተቻለ ጀርባዬን ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል» አልኩት።

«እንደሱ ነው ያልኩት?» አሉኝ እትዬ። ሠላሳ ዓመት ለንደን የኖረ ሰው እንግሊዝኛ የማይሰማ መስሎኝ! ቀና ብለው ራሳቸው በእንግሊዝኛ «ሉክ ኧት ኸር ባክ» አሉት። ቀጥሎም «ፕሊስ» ጨመሩለት፣ ለእግዚአብሔር ብለው።

ሐኪሙ ተነሣ። አጥንቶቼን ከአንገቴ ጀምሮ አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ ወረደ። አንዱ ጋ ሲደርስ ጮህኩ። እጁን ሳያነሣ ስለ ላቡ፣ ስለ ክብደቴ፣ የት እንደተወለድኩ ጠየቀኝ። ከዚህ በፊት ማንም የት እንደተወለድኩ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ፓስፖርቴ የሆላንድ ነው፣ ሰው ሁሉ ሆላንዳዊት ብሎ ያልፈኛል። በመጨረሻ ወንበሩን ወደኔ ስቦ «ባለፈው ጊዜ ይህን ማየት ነበረብኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ደውሎ ላከኝ። ስለዚህ ሐኪም ክፉ አልናገርም። ስሕተቱን ፊት ለፊት ያመነ ሰው ነው።

ኤምአርአይ የሚሉትን ታውቁታላችሁ፤ ጠባብ ዋሻ ውስጥ አስተኝተው በማግኔት የውስጥ አካልን ፎቶ የሚያነሣ መሣሪያ ነው። መዶሻ የሚመስለው ድምፅ እስኪያልቅ የማውቀውን ዳዊት ደገምኩ። ውጤቱን የነገረችኝ ሐኪም ሥዕሉን አሳየችኝ። ሁለት የጀርባ አጥንቶቼ ተጎርደዋል፤ ዙሪያቸው መግል ቋጥሯል፤ መግሉ ወደ ሕብለ ሰረሰሩ፣ እግርን ወደሚያዘው ነርቭ፣ ተጠግቷል። «ዕጢ ሊሆን ይችላል፣ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። በመርፌ ናሙና ወስደን እናያለን» አለች። ዕጢ ያለችው ካንሰር ማለቷ ነው።

የዚያ ሰሞን መጠበቅ ከሕመሙ ይከፋ ነበር። ሆላንድ ለቀረችው ለእማዬ አልነገርኳትም። ያገራችን ልማድ ይታወቃል፤ ብቻዋን ላለች እናት ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተልኮ፣ ተቀምጦ፣ ውሃ ቀርቦ ነው። ስትደውል «ደህና ነኝ፤ ጀርባዬን ትንሽ» እላታለሁ። ማሪት ይህን ስትሰማ አልገባትም።

«ለምን አትነግሪያትም?»

«አይነገርማ።»

«ማነው ያለው?»

«ልማድ ነው፤ ትደነግጣለች።»

«ይደነገጣል እንጂ! ልጇ ነሽ» አለችና ወጣች። ደረጃው ላይ ሆና ለእማዬ ደወለች፤ በሆላንድኛ፣ ያለ መግቢያ፣ «ሰብለ በጣም ታማለች፤ ካንሰር ይሁን ሌላ ገና አልታወቀም፤ ይምጡ» ብላ ዘጋች። እማዬ በማግስቱ በባቡር መጣች። በሩን ስከፍትላት መጀመሪያ ያቀፈችኝ አልነበረም። ቦርሳዋን አስቀምጣ፣

«የልጄን ሕመም ከፈረንጅ አፍ ልስማው?» አለች።

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነው እማዬ።»

«አሁንስ አልደነገጥኩም?» አለችና ከዚያ ነው አቅፋኝ ያለቀሰችው። ለማሪት ቀናት ሙሉ ፊት ነሣቻት። በኋላ ግን ማሪት ሱቅ ሄዳ ስትመጣ፣ ጸጉሬን ስታጥብልኝ፣ እማዬ ወጥ ቤት ገብታ በሹክሹክታ «ይቺ ልጅ ጨዋ ነች፤ አፏ ብቻ ነው ያልተገራው» አለችኝ።

የናሙናው ውጤት ሲመጣ እማዬ እጄን ይዛ ነበር። «ቲቢ ነው» አለች ሐኪሟ። «የአከርካሪ ቲቢ።»

እኔ «ተመስገን!» ብዬ ጮህኩ። ካንሰር አይደለማ። እማዬ ደግሞ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። ሐኪሟ ግራ ገባት፤ አንዷ ትስቃለች፣ አንዷ ታለቅሳለች። እማዬ ያለቀሰችው ስሙን ነው። የኛ ሰው ያን ስም ሲሰማ ሳህን ይለያል፣ መስኮት ይከፍታል። ሐኪሟ በትዕግሥት አስረዳችን፦ ተሕዋሱ ምናልባት በልጅነቴ ገብቶ በሰውነቴ ተኝቶ ኖሯል፤ ከዓመታት በኋላ ተነሥቶ አጥንት ላይ አረፈ። ሳንባዬ ንጹሕ ስለሆነ በትንፋሽ ለማንም አላስተላልፍም። መድኃኒት አለው፤ ይድናል።

«እግሬስ?» አልኩ።

«ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው» አለች። አጥንቱ ደክሟል፤ መግሉ ሕብለ ሰረሰሩን ከተጫነ እግሬ ይሰንፋል። ከቆዳ ጫማ የጠነከረ የጀርባ ማቀፊያ ተሠራልኝ። እግሬ ቢደነዝዝ፣ ሽንቴን መቆጣጠር ቢያቅተኝ ሳልውል ሳላድር እንድመጣ አስጠነቀቀችኝ፤ ያን ጊዜ ጀርባዬ በቀዶ ሕክምና ይከፈታል፤ ተከፍቶም እግሬ ላይመለስ ይችላል። ሆኪን ስጠይቃት «መጀመሪያ መሄድሽን እናረጋግጥ» አለች። ደግ ሴት ነበረች፤ የውሸት ተስፋ አልሰጠችኝም።

መድኃኒቱ ብዙ ወር የሚወሰድ ነው። ነርሷ «ሽንትሽም እንባሽም ብርቱካናማ ይሆናል፤ አትደንግጪ» ብላኝ ነበር። እውነትም ሆነ። ማሪት ይህን ስትሰማ ቁና ቁና እየተነፈሰች ሳቀች። «ብሔራዊ ቡድን የነፈገሽን ቀለም ሐኪም ሰጠሽ!» አለች። በዚያ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዬን ይዤ ሳቅኩ።

የቲቢ ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ሁሉም ወንበር ዘሎ ነው የሚቀመጠው። አንድ ቀን አንዲት ያገሬ ልጅ ገባች። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ወዲያው እሷ ስልኳ ውስጥ፣ እኔ ግድግዳው ላይ ያለው ማስታወቂያ ውስጥ ገባን። በሌላ አገር ሰው መካከል ሁለት አበሻ ተገናኝቶ አለመጠያየቅ እንዴት እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። በሚቀጥለው ስንገናኝ ግን አለፍ ብላ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ፊቷን ሳታዞር «እግዜር ይማርሽ» አለችኝ። «አንቺንም ይማርሽ» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ቀጠሯችንን አንድ ቀን አስደረግን።

ቤት ግን ጭንቅ ነበር። እማዬ «ሰው ሲጠይቅሽ ሆኪ ነው በዪ» ትላለች። «እሱ ቢሰማ ማን በራችንን ይረግጣል?» ትላለች። ደግሞ ጸበል ይዛ መጥታ፣ መድኃኒቱ ሲያቅለሸልሸኝ አይታ፣ «ለጥቂት ቀን ይሄን አቁመሽ ጸበሉን ብትሞክሪስ?» አለችኝ። ተጨቃጨቅን። ነገሩ ወደ ንስሐ አባቴ ደረሰ። እሳቸው የሁለታችንንም ሰምተው፣ «ጸበሉን የቀደሰው አምላክ ቅጠሉንም ሥሩንም ፈጥሯል። ጸበሉን ጠጪ፤ ክኒኑንም ዋጪ። ከሁለቱ አንዱን ያስጣለሽ ሰው ከኔ ጋር ነው ጠቡ» አሉ። እማዬ አንገቷን ደፋች። ስለ ቁርባን ቀን ስጠይቃቸው «ነርሷን ጠይቂ» አሉኝ፤ ነርሷ ደግሞ የክኒኑን ሰዓት በዚያ ቀን ወደ ከሰዓት ማዛወር እንደምችል፣ ቀን መዝለል ግን ፈጽሞ እንደማይቻል ነገረችኝ። ይህ የኔ ነው፤ እናንተ የራሳችሁን ሐኪም ጠይቁ። ጾሙንም አባ አስፈቱኝ። የሰኔ ጾም ሲገባ በዚህ አፍሬ ሳለ እትዬ ዘነበች ድስት በፎጣ ጠቅልለው መጡ። የበሬ አጥንት መረቅ ነው። እሳቸው ጿሚ ናቸው፤ ድስቱን ያስቀመጡት ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ነው።

«ሳልቀምሰው ነው የሠራሁት ልጄ። ጨው ቢበዛ ይቅር በዪኝ።»

ጨው በዝቶበት ነበር። እስከ ዛሬ እንደሱ የጣፈጠኝ መረቅ ግን የለም።

ኪልበርን ሰፈር በነበረው የማኅበራችን ጉባኤ ላይ ማቀፊያዬን በልብሴ ደብቄ ሄድኩ። ጽዋው ሲዞር እኔ ጋ ሲደርስ ለሚቀጥለው አሳለፍኩት። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። እማዬ መሬት መሬት ታያለች። እኔም ደከመኝና «የአከርካሪ ቲቢ ነው ያለብኝ፤ አይተላለፍም ብለውኛል፤ እናንተን እንዳላስጨንቅ ነው» አልኩ። እትዬ ዘነበች ከወዲያ ጥግ፣

«ጀርባዋን ነው እንጂ አፏን አልታመመች! አጠጧት» አሉ።

ጽዋው ተመልሶ መጣ። ጠጣሁ። ከኔ ቀጥላ የነበረችው ሴት ሳታብስ ጠጣች። እማዬ ከዚያ ቀን በኋላ «ሆኪ ነው» ማለቷን ተወች።

የፈራሁት የመጣው በዚህ አገር በጋ መሃል ነው። አንድ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ግራ እግሬ ተጎተተ። ጣቶቼን ላንሣ ብል አልሰሙኝም። እማዬ ጫማዬን ልታደርግልኝ ጎንበስ ብላ ፊቴን አየችና ገባት። ሆስፒታል ስንገባ ወዲያው አስተኙኝ፤ እንደገና ያ ዋሻ፣ እንደገና ያ መዶሻ። ሐኪሟ መጥታ፣ መግሉ አልጨመረም አለች፤ ተሕዋሱ በመድኃኒቱ ሲሞት አካባቢው አብጦ ሊሆን ይችላል። እብጠቱን የሚያወርድ መድኃኒት ሰጥታ ትጠብቃለች፤ እስከ ነገ ካልተሻለኝ ጀርባዬ ይከፈታል። እማዬ ከወንበሯ አልተነሣችም። አልጸለየችም ልበል? ጸልያለች፤ ግን ድምፅ አልነበራትም። እኔ ደግሞ ያን ዕለት ሆኪን አልለመንኩም። ከቤቴ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር በራሴ እግር መሄድን ብቻ ለመንኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሟ መዳፏን እግሬ ሥር አደረገች። «ግፊ» አለች። ገፋሁ። «በግራው።» ዓይኔን ጨፍኜ በግራው ገፋሁ። የጫማዋን ድምፅ ሰማሁ፤ ዓይኔን ስገልጥ ወደ ኋላ ተንገዳግዳ መጋረጃውን ይዛለች።

«የምን ተጫዋች እንደሆንሽ ረስቼ ነው» አለች።

እማዬ በእልልታዋ ያንን ክፍል ሁሉ አስደነገጠችው። ነርሶች ሮጠው መጡ። ጎኔ የተኙት አሮጊት እንግሊዛዊት ምን እንደሆነ ጠየቁኝና ስነግራቸው አጨበጨቡ።

ከዚያ ያለው ቀስ ያለ ነው። ክኒኖቹ ከአራት ዓይነት ወደ ሁለት ወረዱ። ላቡ ቀረ። ሱሪዬ ሞላልኝ። በዓመቱ ግድም ሐኪሟ የተጎዱት ሁለት አጥንቶች አንድ ላይ መግጠማቸውን በሥዕል አሳየችኝ። ትንሽ ጎበጥ ማለቱ አይጠፋም፤ ግን ጠንካራ ነው። መድኃኒቴን ጨርሼ፣ ጀርባዬን በልምምድ አጠንክሬ ስመለስ፣ «ተጫወቺ፤ ግን እንደ ድሮው በከፍተኛው ምድብ አይሁን» አለችኝ። አላዘንኩም። እውነት ነው የምላችሁ።

እህቶቼ፣ ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ሕመም ሳምንታት አልፈውት ካልለቀቀ፣ ላብ ካለበት፣ ያለ ምክንያት ከከሳችሁ፣ «የሥራ ነው» የሚላችሁን አመስግናችሁ ሌላ ጠይቁ። ለሐኪሙ የት እንደተወለዳችሁ ንገሩት። ጀርባችሁን እዩልኝ በሉ፤ ማለት ካፈራችሁ እንደ እትዬ ዘነበች ያለ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። በዚህ አገር የቲቢ ምርመራና ሕክምና በነጻ ነው፤ ወረቀት ያለውም የሌለውም ይታከማል። ስሙንም አትፍሩት። እኔን ያስፈራኝ ከበሽታው ይልቅ ሲደበቅ ያለው ዝምታ ነበር።

ባለፈው መጸው ለክለባችን ሦስተኛ ቡድን ተሰለፍኩ። ግማሹ ከወሊድ የተመለሱ እናቶች፣ ግማሹ ተማሪዎች ነን፤ ማሪትም ጉልበቷ ስላስቸገራት ወርዳ በረኛችን ሆናለች። እማዬ ያን ሰሞን ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ጨዋታ እንዳለኝ ስነግራት «እግዚአብሔር አንዴ የገጠመውን አጥንት አትፈትኚበት» አለችኝ፤ አኩርፋም ዋለች። ጠዋት ግን ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ዝናብ ነበር። የማሪትን የዝናብ ካፖርት ከነጠላዋ ላይ ደርባ አጥሩን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።

ተጋጣሚያችን ቡድን አንዲት ቀጭን ፈጣን ልጅ ነበረችው። ኳሷን እየነዳች ወደኔ መጣች። ጎንበስ አልኩ፤ ዱላዬን ሣሩ ላይ አስተኛሁ፤ ዓይኔን ኳሷ ላይ። በዚያች ቅጽበት ከአጥሩ ወዲያ፣ የሜዳውን ሰው ሁሉ ያዞረ ድምፅ፣

«አንቺ ልጅ! ቀና በዪ! ጀርባሽን! ቀና በዪ እኮ ነው የምልሽ!»

እናት ናትና ቀና አልኩ። ልጅቷ በጎኔ አለፈች፤ ኳሷ ከማሪት እግር ሥር ገብታ ከጎሉ ሰሌዳ ጋር ስትላተም ሰማሁ።

«ሰብለ!» አለች ማሪት በሆላንድኛ፣ ዱላዋን ወደ ላይ አንሥታ። «ኳሷ ወዲህ፣ አንቺ ወዴት?»

«እናቴ ቀና በዪ አለችኛ!»

ማሪት ወደ አጥሩ ዞረች። እማዬ ያጠፋችው ገብቷት እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ማሪት ትንሽ አየቻትና ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ኳሷን አውጥታ ወደ መሃል ሰደደቻት። ዳኛዋ ፉጨቷን ነፋች። ዝናቡ በርትቶ ነበር። ወደ ቦታዬ ሮጥኩና፣ እማዬ እያየችኝ፣ እንደገና ጎንበስ አልኩ።